ስሙ በውኃው ላይ የቀረ ሐበሻ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት አንዲት ከተማ አለች። የተቆረቆረችው በ1610 ነው (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ቦታው ኻድኪ የሚባል መንደር ነበርና ከተማዪቱም በዚሁ ስም ተጠራች። በ1626 ፋቴህናጋር ተባለች። በ1653 አውራንጋባድ ሆነች፤ በዚህም ስም ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ኖረች። በ2023 ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር እንድትባል ተወሰነ።

አራት ስም መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የመንደሩ፤ ሁለተኛው የመሥራቿ ልጅ የፋቴህ ካን፤ ሦስተኛው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብ፤ አራተኛው በ1689 በዚሁ በአውራንግዜብ ትእዛዝ የተገደለው የማራታዎች ንጉሥ የሳምባጂ። ልጅ፣ ባላጋራ፣ የባላጋራውም ባላጋራ በየተራ ስማቸውን ሲያኖሩባት፣ መንደሯን ከተማ ያደረጋት ሰው ስም ግን አንድም ጊዜ አልወጣላትም። ያ ሰው ሐበሻ ነበር። ማሊክ አምበር ይሉታል።

“አንድ ኢትዮጵያዊ ህንድን ገዛ” የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አንብበናል፤ አንብበንም ደረታችንን ነፍተናል። እኔን ግን ይህን ሰው ባሰብሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ከተማዪቱን ከአንባቢ ጋር ልዙር።

በእግሬ አልረገጥኋትም፤ በመጻሕፍትና በፎቶግራፍ ግን ደጋግሜ ዞሬባታለሁ። አስጎብኚዎች እንግዳ ሲመጣ አስቀድመው የሚወስዱት ወደ ቢቢ ካ ማቅባራ ነው። ይህ በ1657 ለሞተችው ለአውራንግዜብ ሚስት ለዲልራስ ባኑ ቤገም የተሠራ የመቃብር ሕንፃ ሲሆን፣ አራት ማማዎቹና ነጭ ጉልላቱ ታጅ ማሃልን ስለሚያስታውሱ “የደካን ታጅ” ይሉታል። የነደፈው ሰው የታጅ ማሃሉ ሊቅ የኡስታድ አህመድ ላሆሪ ልጅ ነው ይባላል። ለሥራው 668,203 ሩፒ እንደወጣ ተጽፏል። አባት ለሚስቱ መቃብር የፈሰሰውን ሀብት ልጅ ለመድገም ገንዘብ ያጠረው ይመስላል፤ እምነበረዱ ከግድግዳው ወገብ ላይ ያቆምና ከዚያ በላይ እስከ ጉልላቱ ሥር ያለው በጥሩ ልስን ተሸፍኗል። በገንዘብ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ሕንፃ ሲያይ በጀቱ የት ላይ እንዳለቀ ቶሎ ይታየዋል። ያም ሆኖ ውብ ነው፤ አልክድም።

ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ደግሞ ዓለም የሚያውቃቸው የኤሎራ ዋሻዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የካይላሳ ቤተ መቅደስ ነው፤ በ8ኛው መቶ ዘመን ከአንድ ወጥ ተራራ፣ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ። ላሊበላን ያየ ሰው የካይላሳን ሥዕል ቢያይ ለጥቂት ጊዜ አገር ይምታታበታል። አሁን ግን ጉዳያችን ከእነዚህ ጋር ስላልሆነ እንለፋቸው።

እኔ አስጎብኚ ብሆን እንግዳዬን የምወስደው ወደ ባድካል በር ነው። ይህች ከተማ በአንድ ወቅት 52 በሮች ነበሯት እየተባለ “የበሮች ከተማ” ትባላለች። ከተረፉት ሁሉ ግዙፉ ባድካል ነው። ማሊክ አምበር በ1612፣ በሙጋሎች ላይ ለተቀዳጀው ድል መታሰቢያ አድርጎ አቆመው። ሾጣጣ ቅስቶቹ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ቆመዋል።

ከበሩ ቀጥሎ ግን እንግዳዬን መሬት መሬት እንዲያይ እለምነዋለሁ። ይህ ሰው የሠራው ትልቁ ነገር ያለው ከምድር በታች ነውና።

ኻድኪ የምትገኘው ደረቅ አገር ነው። ዝናቡ ከክረምት ጋር መጥቶ ከክረምት ጋር ይሄዳል፤ በአጠገቧ የሚያልፈው ወንዝም ለብዙ ሕዝብ የሚበቃ አይደለም። ከሰሜን በኩል ግን ኮረብታዎች አሉ፤ የዝናቡ ውኃ በእነርሱ ሥር ሰርጎ ይጠራቀማል። አምበር ያሰበው ይህን ከዓይን የተሰወረ ውኃ ወደ ከተማ ማምጣት ነበር። ሠራተኞቹ ከኮረብታው ግርጌ ጀምረው መሬቱን ውስጥ ለውስጥ ቦረቦሩና በግንብ የታነጸ ቦይ አበጁ። ቦዩ ለዓይን በማይታወቅ ተዳፋት ወደ ከተማዪቱ ያዘቀዝቃል። የሚገፋው፣ የሚስበው ነገር የለም፤ ውኃው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። በየተወሰነ ርቀት ከቦዩ ወደ ላይ ቀጥ ብለው የወጡ ጉድጓዶች አሉ፤ ሰው ገብቶ ደለሉን የሚጠርገው በእነርሱ ነው፤ አየርም በእነርሱ ይገባል። ከተማው ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ማማ የመሰሉ የግንብ ዓምዶች ቆመው ይጠብቁታል። ውኃው በዓምዱ ሆድ ሽቅብ ይወጣል፤ ግፊቱን ያረግባል፤ ተመልሶ ይወርድና ወደ ሕዝብ ገንዳዎች ይከፋፈላል። ቤተ መንግሥቱም፣ መስጊዱም፣ ገበያተኛውም፣ የገበያተኛው ግመልም ከዚያ ይጠጣ ነበር።

የውኃው ሥራ ስሙ ናህር-ኢ-አምባሪ ነው፤ የአምበር ቦይ ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ገዢዎች የእርሱን ፈለግ ተከትለው ሌሎች ቦዮችን ጨመሩ፤ ከተማዪቱም ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከእነዚህ ነው። ጎብኚ የሚጎርፍበት ፓንቻኪ የሚባለው የውኃ ወፍጮ፣ በ1744 ባባ ሻህ ሙሳፊር ከሚባሉ ሱፊ መቃብር አጠገብ የተሠራው፣ የዚህ ጥበብ የልጅ ልጅ ነው። ከሩቅ ምንጭ በቧንቧ የመጣ ውኃ ከግድግዳ አናት እየተወረወረ የወፍጮውን ዘንግ ያዞራል፤ ዱቄቱም ለመንገደኛና ለድኃ ይሰጥ ነበር። በእኛ አገር ወንዝ ዳር የውኃ ወፍጮ ሲያጓራ እየሰማ ያደገ ሰው ፓንቻኪን ለማወቅ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ሰውዬው።

በ1617 ፒተር ቫን ደን ብሩከ የተባለ የሆላንድ ነጋዴ በደካን ሲያልፍ አምበርን በአካል አግኝቶታል። መልኩን ጻፈ፤ ፊቱ ኮስታራ የሮማ ሰው ፊት እንደሚመስል፣ ከሐበሻ አገር የመጣ ጥቁር ሰው እንደሆነ ጻፈ። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠውን አንድ ቃልም ጻፈልን፤ የሰውዬው የልጅነት ስም ቻፑ እንደነበረ። በሞካ ገበያ በ80 የሆላንድ ጊልደር እንደተሸጠም ጨመረ።

ቻፑ የተወለደው በ1548 ገደማ ነው። አገሩን አንዳንዶች ሐረር አካባቢ፣ ሌሎች ከምባታ፣ ሌሎችም ኦሮሞ ምድር ያደርጉታል። ባሕሩን ሲሻገር ገና ልጅ ነበር። ከሞካ ወደ ባግዳድ ተወሰደ። በዚያ የገዛው ሚር ቃሲም የሚባል ነጋዴ የልጁን ብልህነት አይቶ ፊደል አስቆጠረው፤ ስሙንም ለውጦ አምበር አለው። አምበር ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ሽቶ ነው። በዚያ ዘመን በእስልምናው ዓለም ለባሪያ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት የተለመደ ነበር፤ አንዱን ሽቶ፣ አንዱን ዛጎል፣ አንዱን ያቁት ይሉታል። በ13ኛው መቶ ዘመን የደልሂዋ ንግሥት የራዚያ ባለሟል የነበረውና በ1240 የተገደለው ሐበሻም ስሙ ያቁት ነበር። ዕንቍና ሽቶ ሰው በሣጥን የሚያኖራቸው ነገሮች ናቸው፤ ስሙ ራሱ የባለቤትነት ማኅተም ነው።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምበር ደካን ደረሰ፤ ለአህመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሹም ለቻንጊዝ ካን ተሸጠ። ይህ ቻንጊዝ ካን ከስሙ እንደሚመስለው ሞንጎል አልነበረም፤ እርሱም ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው። በቤቱ አንድ ሺህ ያህል ሐበሾች ነበሩት። ጌታው በሞተ ጊዜ የጌታው ሚስት አምበርን ነጻ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ለዚህም ለዚያም ገዢ በወታደርነት እያደረ ኖረ፤ በቢጃፑር ሳለ “ማሊክ” የሚለውን ማዕርግ አገኘ። በ1600 የታላቁ የአክባር ጦር የአህመድናጋርን ምሽግ ሲሰብርና መኳንንቱ ሲበተኑ፣ አምበር ዱር ገባ። በዙሪያው የተሰበሰቡት ፈረሰኞች ጥቂት መቶ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ 7 ሺህ ደረሱ። ከንጉሡ ዘር አንድ ወጣት ፈልጎ ዙፋን ላይ አስቀመጠ፤ ልጁን ዳረለት፤ መንግሥቱን ግን ራሱ ያዘ። እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ሙጋሎች ደካንን ጠቅልለው ሊይዙ አልቻሉም።

የጦርነቱ ስልት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሜዳ ላይ አይገጥምም፤ ስንቅ ይቆርጣል፤ በሌሊት ይመታል፤ ገደል ውስጥ ይሰወራል። ፈረሰኞቹ በብዛት የማራታ ባላገሮች ነበሩ። ከሥሩ ካገለገሉት አዛዦች መካከል ማሎጂና ልጁ ሻሃጂ ይገኙባቸዋል። የሻሃጂ ልጅ ሺቫጂ ነው፤ የሺቫጂ ልጅ ሳምባጂ። ዛሬ ከተማዪቱ በስሙ የምትጠራው ሳምባጂ እንግዲህ የአምበር ሎሌ የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑ ነው። በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ደግሞ አምበር የሐይቁን ግድብ ሰብሮ ውኃውን በጠላቱ ሰፈር ላይ ለቀቀው፤ ከባዱ መድፍና ዝሆኑ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ውኃ መምራት የሚያውቅ ሰው መልቀቁንም ያውቅበታል።

ስለ ግብር አሠራሩም ብዙ ይባልለታል። ግብርን ለተጫራች ነጋዴ መሸጥን አስቀርቶ መሬቱ እንደ ለምነቱ እንዲገመት አደረገ፤ የደካን ገበሬም ከእርሱ በኋላ “የማሊክ አምበር ሥርዓት” እያለ ሲያስታውሰው ኖረ። ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ሰው ዋጋ ሲተመን እንዴት እንደሆነ በራሱ ላይ አይቶታልና፣ ገበሬውን ለጨረታ አለማቅረቡ አይደንቀኝም። ይህ የእኔ ግምት ነው።

የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ይህን ሰው ለመያዝ ዕድሜውን ፈጀ። በራሱ እጅ በጻፈው የዘመኑ ታሪክ ውስጥ አምበርን በስሙ ብቻ ጠርቶ አያልፍም፤ ባለጥቁር ዕድል፣ ጥቁር ፊት እያለ ይሰድበዋል። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን የተባለው የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ የሠራው ሥዕል ዛሬ በደብሊን፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ንጉሡ በምድር ሉል ላይ ቆሟል። ቀስቱን ወጥሮ፣ በጦር ጫፍ ላይ የተሰካውን የአምበርን የተቆረጠ ራስ ያነጣጥራል። ሥዕሉ ሲሳል አምበር በሕይወት ነበር፤ ከሥዕሉም በኋላ አሥር ዓመት ኖሮ በሰማንያ ዓመቱ ገደማ በእርጅና ሞተ። ንጉሥ በሜዳ ያጣውን በብሩሽ ሲያገኝ እንዲህ ነው። ከሞተ በኋላ ግን የጃሃንጊር የገዛ ታሪክ ጸሐፊ፣ ባሪያ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ የጦርና የአስተዳደር ችሎታ ማሳየቱን በአድናቆት መዝግቧል።

ይህን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሒሳብ አያያዝ ያስተማሩን አንድ ህንዳዊ መምህር አንድ ቀን ትምህርታቸውን አቋርጠው “ማሊክ አምበርን ታውቁታላችሁ?” ብለው ጠየቁን። ስድሳ ተማሪ ዝም አለ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ ሰሌዳቸው ተመለሱ። ያን ዝምታ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ካሰብሁበትም ቦታ አንዱ ይህ ያለሁበት አገር ነው።

ይህን የምጽፈው ከሽንዲ ነው። ሽንዲ የወምበርማ ከተማ ናት፤ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ዓባይን ያገኛል፤ ማዶው ወለጋ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደጋ ዳሞት ያለውን አገር አባቶቻችን ዳሞት ይሉታል። ዳሞት የሚለው ስም ግን ከጥንት እዚህ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን ዳሞት ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ በደቡብ ያለ መንግሥት ነበር፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን፣ አገር ሲናወጥና ሕዝብ ከቦታ ቦታ ሲፈልስ፣ ስሙም ከሰዎቹ ጋር ወንዙን ተሻግሮ ጎጃም ገባ።

ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚያ ስለ ማዶው ዳሞት የጻፈው አለ። መጽሐፉ በ1540 ሊዝቦን ታተመ፤ አርእስቱ አገራችንን “የህንዶች ቄስ ዮሐንስ” ምድር ይላታል፤ ያኔ ፈረንጅ ህንድንና ኢትዮጵያን ገና አልለየም። አልቫሬዝ ከዳሞት የሚወጡ ባሪያዎች በእስላሞች ዘንድ እጅግ የተወደዱ እንደሆኑ፣ ዐረብም፣ ፋርስም፣ ህንድም፣ ግብፅም በእነርሱ የተሞላ እንደሆነ፣ ጎበዝ ጦረኞችም እንደሚወጣቸው ይናገራል። ይህ የተጻፈው ቻፑ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ቻፑ የዳሞት ልጅ ነበር ማለቴ አይደለም። መንገዱ ግን ተደልድሎ ይጠብቀው ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ ክርስቲያን እንዳይሸጥ ዐዋጅ አውጥተው ነበር፤ ዐዋጁ ክርስቲያን ላልሆነ ልጅ ምንም አላለም።

ያ መንገድ በአንድ ዘመን አልተዘጋም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ በየጁቤ አጠገብ ያለውን የባሶን ገበያ ሲጽፍ፣ ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከጨው አሞሌው ጋር ከዓባይ ማዶ ተነድተው የመጡትን ሰዎችም ይቈጥራል። ሲራራው ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይወርዳል። የሕግ ዐዋጁ በባርነት ላይ ቁርጥ ያለ ቃል የተናገረው በ1942 ነው። ይህ ማለት አያቶቻችን ያዩት ነገር ነው።

የሚከነክነኝ ይህ ነው። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር ይቈጥራል፤ ሰባት ቤት ይቈጠርና ከዚያ ድምፅ ዝቅ ብሎ “አጥንቱስ?” ይባላል። መልሱ ከመጥፎ ወገን ከሆነ ነገሩ ያለ ጠብ፣ ያለ ምክንያት፣ ቡና ተጠጥቶ ይቀራል። ማሊክ አምበር ዛሬ ተነሥቶ ወደ አንዱ ቀዬ መጥቶ ሚስት ቢጠይቅ፣ ንጉሥ ያነገሠው፣ ንጉሠ ነገሥት ያዋረደው፣ ከተማ ያጠጣው ሰው፣ በዚህች በአንዲት ቃል ይመለስ ነበር። እኔ በምሠራበት መስኮት ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት ስሙን እስከ አያቱ እንጽፋለን። እርሱ ያባቱንም የሚያስመዘግብ አይደለም። በፌስቡክ “ወገናችን” እያልን የምንለጥፈው የአምበር ሥዕል የገዢው ሥዕል ነው፤ የ80 ጊልደሩ ልጅ ሥዕል ቢኖር ኖሮ ማን ይለጥፈው እንደነበር አላውቅም።

አምበር ብቻውን አልነበረም። በጉጅራት ታላቅ ከተማ በአህመዳባድ፣ በ1572 እና 1573 ዓመታት የተሠራ፣ የሲዲ ሰይድ መስጊድ የሚባል አለ። አሠሪው ነጻ የወጣ ሐበሻ ነው። የመስኮቶቹ ድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ፣ በአንደኛው ላይ ቅርንጫፎቿ እርስ በርስ የተጠላለፉ አንዲት ዛፍ ተቀርጻለች፤ ዛፏ ዛሬ የከተማዪቱ ምልክት ሆናለች። ድንጋይን እንዲህ ክር ማድረግ ሲቻል ሳይ ከቃል ጋር መታገሌን ለጊዜው እተዋለሁ።

የሚገርመው፣ አምበር በህንድ ቦይ በሚያስቆፍርባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከህንድ የመጣ አንድ ግንበኛ እዚህ ኖራ እንዴት እንደሚቃጠል አሳየ። የኢየሱሳውያኑ ጸሐፊ አልሜይዳ መዝግቦታል። ከዚያ ወዲህ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ፣ የጎንደርም ግንቦች በኖራ ቆሙ። ከህንድ ኖራ መጣልን፤ ከእኛ ልጆች ሄዱላቸው።

ከዓመታት በፊት ለአምበር የጻፍሁለት አንድ ግጥም ነበረኝ፤ ረጅም ነበር፤ እየቀነስሁ መጥቼ የቀረኝ ይኸው ነው፦

ሸጠው በሽቶ ስም ሲጠሩህ የነበር፣
ቻፑ እዚህ ጠፋ፣ እዚያ ጸና አምበር።
ስሟንም ሦስት ጊዜ ከተማዋ ጣለች፤
ውኃዋ ብቻ ናት ያንተን ስም የያዘች።

ስም መለወጥ ለእኛም አዲስ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ነበረች፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1941 ከስደት ሲመለሱ በዚህ አልፈው አዲሱን ስም አወጡላት። ስሙ ውብ ነው። ወጀት የሚለውን ግን ዛሬ ከሽማግሌ በቀር የሚያነሣው የለም።

ከከተማዪቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኹልዳባድ የምትባል የመቃብር ከተማ አለች። አውራንግዜብ በ1707 ሞቶ የተቀበረው እዚያ ነው። በራሱ ኑዛዜ መቃብሩ ክፍት አፈር ነው፤ ጣራ የለውም፤ በዙሪያው ያለው የእምነበረድ አጥር ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። የአምበር መቃብር ግን ጉልላት አለው። ሳይሞት አስቀድሞ ራሱ አሠራው፤ በአንድ ሱፊ መቃብር አቅራቢያ፣ በጥቁር ድንጋይ። ጎብኚው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አፈር ሲሄድ የባሪያው ጉልላት ብዙ ጊዜ ሰው አልባ ሆኖ ይውላል።

ቻፑ የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፌ በቦርሳዬ ይዤው እዞር ነበር። በቅርቡ ኦሮምኛ ለሚያስተምር ወዳጄ አሳየሁት። ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ድምፅ አለው፤ አንዴ አሳጥሮ፣ አንዴ አስረዝሞ፣ አንዴ አጥብቆ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝና፣ “ሆላንዳዊው፣ ፑ ይጠብቅ ይላላ እንደሆነ ጽፏል?” አለኝ።